ያልበቀለው ፀጉር፦ ቡችላን አይቶ ስለ ነገ መናገር

ዮርክሻየር ቴሪየር የሚባለው ትንሽ ውሻ ሲወለድ ጥቁር ነው። ቡናማ የሚታይበት ከዓይኖቹ በላይ፣ በአፉ ዙሪያ፣ በደረቱ፣ በእግሮቹና ከጅራቱ ሥር ብቻ ነው። እያደገ ሲሄድ የጀርባው ጥቁር ፀጉር ብረት መሰል ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል፤ የራሱና የእግሮቹ ፀጉር ደግሞ ወደ ወርቃማ ይደምቃል። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ቡችላውን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ላየው ፀጉር ሳይሆን ገና ላልበቀለው ነው። «ሲያድግ ምን ይመስላል?» የሚለው የገዢ ጥያቄ፣ ፈላስፎችንና የሃይማኖት መምህራንን ሲያከራክር የኖረ ሌላ ጥያቄ አዝሏል፦ ገና ያልሆነ ነገር ዛሬ ሊታወቅ ይችላል? ከታወቀስ የታወቀው ምኑ ነው?

የእንስሳትን ቀለም አስቀድሞ የማወቅ ፍላጎት ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ያዕቆብ ከአማቱ ከላባ መንጋ ዝንጉርጉሩና ነቁጣ ያለበቱ ደመወዙ እንዲሆን ይስማማል፤ ልጣጫቸው የተላጠ በትሮችንም በውኃ ማጠጫው ፊት ያቆማል። መንጋው ከበትሮቹ ፊት ሲፀንስ ዝንጉርጉር ይወልዳል። በምዕራፍ 31 ግን ያዕቆብ በሕልሙ ያየው ሌላ ነው፤ በመንጋው ላይ የሚወጡት አውራዎች ራሳቸው ዝንጉርጉሮች ነበሩ፣ ይህም የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑ ተነገረው። አንዱ ትረካ ሁለት ዓይነት ምክንያት ጎን ለጎን አስቀምጧል፦ እናቲቱ ያየችውንና አባትየው የሆነውን። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፈጣሪ ፈቃድ ቆሟል።

የዮርክሻየር አርቢዎች የተማመኑት በወላጆች ነው። ዝርያው የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሰሜን እንግሊዝ ሲሆን፣ ሥራ ፍለጋ ከስኮትላንድ የመጡ ሸማኔዎች ይዘዋቸው የመጡ ትንንሽ ቴሪየሮች ለመነሻ አገልግለዋል። የዝርያው አባት ተደርጎ የሚቆጠረው ሀደርስፊልድ ቤን የተባለ ውሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 ተወልዶ በ1871 ሞተ። ግሬጎር ሜንዴል የተባለው መነኩሴ በብርኖ ከተማ የአተር ሙከራውን ውጤት ለማኅበር ያሰማውም በዚያው በ1865 ነበር፤ ሥራው ግን እስከ 1900 ድረስ አስተዋይ አላገኘም። በመሆኑም አርቢዎቹ የውርስን ሕግ ሳያውቁ፣ «ከእነዚህ ወላጆች እንዲህ ያለ ልጅ ሲወጣ አይተናል፤ ስለዚህ ዳግም ይወጣል» ብለው ሠሩ።

ይህን «ስለዚህ» ሁለት አሳቢዎች አጥብቀው መርምረውታል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አል ገዛሊ እሳትና ጥጥ ሲገናኙ ማቃጠሉ አብሮ መታየቱን እንጂ እሳቱ የግድ ማቃጠሉን ማንም አላየም አለ፤ ሁለቱን ያያያዘው የአላህ ልማድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም በበኩሉ፣ ካለፈው ወደሚመጣው የሚያሻግረን ማስረጃ ሳይሆን የአእምሮ ልማድ ነው ሲል ጻፈ። አንዱ ልማዱን ለፈጣሪ፣ ሌላው ለሰው ይስጠው እንጂ፣ መደጋገም ብቻውን የግድነት ማረጋገጫ አለመሆኑን ሁለቱም ይስማሙበታል።

የዘር ሳይንስ ከመደጋገም አልፎ ወደ አሠራሩ ገብቷል። የውሻ ፀጉር ቀለም ከሁለት ዓይነት ሜላኒን ይሠራል፤ አንዱ ጥቁርና ቡናማን፣ ሌላው ከቀይ እስከ ቢጫ ያለውን ይሰጣል። ጥቁርና ቡናማ ሆኖ የመወለድ ባሕርይ ድብቅ ስለሆነ ከሁለቱም ወላጆች መምጣት አለበት። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ሲጨምር እያደገ ባለው ፀጉር ውስጥ የሚገባው ጥቁር ሜላኒን ይቀንሳል። «ሰማያዊ» የሚባለው መልክም የራሱ ሰማያዊ ቀለም የለውም፤ የሳሳ ጥቁር ለዓይን እንደዚያ ስለሚታይ ነው። ፀጉር ከሥሩ ስለሚያድግ ልምድ ያለው አርቢ የቡችላውን ፀጉር ገልጦ ከቆዳው አጠገብ ያለውን ያያል፤ የሚመጣው ቀለም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ከልደቱ ጀምሮ ሰማያዊ ግራጫ የሆነ ቡችላ ግን ጥቁሩን የሚያደበዝዝ ሌላ ዘረ መል የወረሰ ነው። መልክ መመሳሰሉ የምክንያት አንድነትን አያሳይም።

ታዲያ ያ ሰማያዊ በቡችላው ውስጥ ዛሬ አለ ወይስ የለም? አርስቶትል በኃይል መኖርንና በግብር መኖርን የለየው እንዲህ ላለው ጥያቄ ነው። ሰማያዊው በጥቁሩ ሥር እንደ ሣጥን ልብስ ተጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ፈጽሞ የለም እንዳይባልም ከብዙ ሌሎች ዝርያዎች ቡችላ የማይጠበቅ ለውጥ ከዚህኛው ይጠበቃል። ያለው የመሆን ችሎታ ነው፤ ችሎታ ደግሞ ሊሰናከል፣ ሊዘገይ ወይም ከሚፈለገው ሊያልፍ ይችላል። አንዳንዱ ዮርክሻየር ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ሌላው ከብረት መልክ አልፎ ብርማ ይሆናል።

ዘረ መሉ ሁሉ ቢታወቅ እንኳ ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 2001 በአሜሪካ ቴክሳስ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ቅጂ ድመት የዘረ መል እናቷን የፀጉር መልክ አልያዘችም። በሴት ድመት በእያንዳንዱ ሕዋስ ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞዞሞች አንዱ ሥራ ያቆማል፤ የትኛው እንደሚያቆም በዕድል ይወሰናል። የእናትየዋ ሦስት ቀለም በከፊል ከዚህ ዕድል የመጣ ስለነበር ሊቀዳ አልቻለም። የዮርክሻየር ለውጥ በሌላ መንገድ ቢሄድም መደምደሚያው ለሁሉም ይሠራል፤ የዘር መመሪያን ማወቅ የተፈጸመውን ፍጥረት ከማወቅ ይለያል።

የሃይማኖት መምህራን ቅድመ ዕውቀት ሲሉ የሚናገሩት ስለ ሌላ ዓይነት ማወቅ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቦኤትዮስ እግዚአብሔር ሁሉን እንደ አሁን ያያል እንጂ አይተነብይም አለ፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ዮሐንስ ዘደማስቆ እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ቢያውቅም ሁሉን አስቀድሞ እንደማይወስን አስተማረ። ሰው ግን ከምልክት ተነሥቶ ምልክቱ ወዳመለከተው ይሄዳል፤ በመካከል ያለውን መንገድ አያይም። «ያለ ጥርጥር ብረት መሰል ሰማያዊ ይሆናል» የሚል ሰው ለሰው ያልተሰጠውን ማወቅ ለራሱ ይወስዳል።

ሌላም የሚለይ ነገር አለ። አርስቶትል ስለ እንስሳት መወለድ በጻፈው መጽሐፍ አምስተኛ ክፍል፣ ዓይን ለማየት የተሠራ ቢሆንም የዓይን ቀለም ለምንም ዓላማ እንዳልተሠራ ያስረዳል። የውሻው ፀጉርም ገላውን ይሸፍናል፤ ሰማያዊነቱ ግን ለውሻው የሚሠራለት ነገር የለም። ጥቁሩ ብረት መሰል ይሁን፣ ብርማ አይሁን የሚለው ዓላማ የዝርያውን መለኪያ የጻፉት ሰዎች ነው። ስለዚህ ጥቁር ሆኖ የቀረ ዮርክሻየር ከውሻነቱ የጎደለበት የለም፤ የጎደለው የሰው ምኞት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ብያኔ አጭር ነው። ስለ ዝርያው ጠቅላላ አዝማሚያ በልበ ሙሉነት መናገር ይቻላል፤ ወላጆቹንና የፀጉሩን ሥር ያየ ሰው ስለ አንዱ ቡችላ ሚዛን የሚደፋ ግምት መስጠት ይችላል፤ የመጨረሻውን የቀለም ደረጃ ግን ቃል መግባት አይችልም። ሻጭ ግምቱን ግምት ብሎ ይናገር፤ ገዢም ቀለሙ ከተጠበቀው ቢለይ የማያስቀይመውን ቡችላ ይምረጥ።