መሣሪያው ሲቀነስ ከዜማው ምን ይቀራል?

ሰው የሚወደውን ነገር ስለ ምን እንደሚወደው ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ምግቡ ጣፈጠኝ ይላል፤ የጣፈጠው ግን አብሮት የተቀመጠው ወዳጅ ይሆናል። አገሬ ናፈቀኝ ይላል፤ የናፈቀው ግን በዚያ አገር ያሳለፈው የልጅነት ዘመን ይሆናል። ዘፈንም እንዲሁ ነው። አንድን ዘፈን ስንወድ የምንወደው ዜማውን ነውን? ግጥሙን ነውን? የዘፋኙን ድምፅ ነውን? ወይስ መሣሪያዎቹ በአንድነት ሲያስተጋቡ በሰውነታችን ውስጥ የሚቀሰቀሰውን ሙቀት ነው? ሁሉም ተደባልቆ በሚቀርብልን ጊዜ ይህን ለመለየት አይቻለንም። መለየት የምንጀምረው ከመካከላቸው አንዱ የጎደለ ዕለት ነው።

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ከነቀምቴ ከተማ ብዙ በማይርቅ አንድ ቀበሌ፣ በሠርግ ማታ ያየነው ነገር ነው። ድንኳኑ ተተክሎ፣ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ፣ ከከተማ የመጡት ሙዚቀኞች ኪቦርዳቸውን፣ የኤሌክትሪክ ጊታራቸውንና ታላላቅ የድምፅ ማጉያዎቻቸውን ደርድረው ይጫወቱ ነበር። ወጣቶቹ አቧራ እስኪነሣ ድረስ ይጨፍራሉ። ሽማግሌዎቹ ግን ከድምፁ ብርታት የተነሣ መነጋገር ስላልቻሉ፣ ጠላቸውን ይዘው በዝምታ ይመለከቱ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩንም ለማስነሣት ቢሞከር እንቢ አለ።

ጥቂት ጊዜ ሁካታ ሆነ። ከዚያም ፋኖስ መጣ። ከሙዚቀኞቹ አንዱ ወደ መኪናቸው ሄዶ ክራር አመጣ፤ ሌላው ከባለቤቶቹ ዘንድ ከበሮ ተዋሰ። ዘፋኙም ቅድም በማጉያ የዘፈነውን ያንኑ የኦሮምኛ ዘፈን በባዶ ድምፁ ከመጀመሪያው ጀመረው። ያን ጊዜ ያየነው ነገር እስከ ዛሬ ከአሳባችን አልወጣም። በኋላ የነበሩት ሰዎች ለመስማት ወደ ፊት ተጠጉ። ልጆቹን ዝም የሚያሰኝ ሰው ሳይኖር ልጆቹ ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹ ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አኖሩ። ሦስተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ተቀባዩ ሕዝቡ ሁሉ ሆነ።

አጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት፣ «አሁን ገና ሰማሁት፤ ቅድም የሰማሁት ጩኸቱን ነበር» አሉ። ይህን የሰማ አንድ ወጣት ግን በትሕትና፣ «አባባ፣ ለእኔ ዘፈኑ የደኸየ መሰለኝ፤ ልብሱን የተገፈፈ ሰው ሆነ» ሲል መለሰላቸው። አዛውንቱም ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ልብሱን የተገፈፈ ሰው ሰውነቱ ይቀርለታል» አሉት። ነገሩ በዚያው ተቋረጠ። እኛ ግን ሁለቱም የተናገሩት እውነት ያለበት ሆኖ ስላገኘነው፣ ልንመረምረው ፈለግን።

ይህ ክርክር የወለጋ ሰዎች ክርክር ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ አገር ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች በዚሁ ነገር ሲነጋገሩበት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ የሙዚቃ ጓድ በኤሌክትሪክ ጊታርና በብርቱ የድምፅ ማጉያ የታወቀ ነበረ። የጓዱ ዋና ጊታር ተጫዋች ጄሪ ጋርሲያ በ1973 (ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) የኤሌክትሪክ ጊታሩን አስቀምጦ ባንጆ በመያዝ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ቀረበ። ከባንጆው ሌላ የነበሩት ማንዶሊን፣ ቫዮሊን፣ ጊታርና ባስ ብቻ ነበሩ፤ ከበሮ እንኳ አልነበረም። የተጫወቱትም ብሉግራስ የሚባለውን የደቡብ ተራሮች ሙዚቃ ነው። በ1975 የወጣው ሸክላቸው ከብሉግራስ ሸክላዎች መካከል እጅግ ከተሸጡት አንዱ ለመሆን በቃ። ግሬትፉል ዴድም ራሱ በ1980 በሳን ፍራንሲስኮና በኒውዮርክ ባሳያቸው ትርዒቶች የመጀመሪያውን ክፍል ኤሌክትሪክ በሌላቸው መሣሪያዎች ይጫወት ነበር። ወዳጆቹ እነዚያን ምሽቶች በቴፕ እየቀዱ፣ እየተለዋወጡና እያመሰገኑ ኖረዋል።

ስለ ምን አመሰገኑ? ሁለት ምክንያት ይታየናል፤ አንዱ መልካም፣ ሁለተኛው ግን የሚያሳስት ነው። መልካሙ ይህ ነው፤ ጋርሲያ በኤሌክትሪክ ጊታር ከመታወቁ በፊት፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ባንጆ ተጫዋች ነበረ። ስለዚህ ወዳጆቹ ያዩት ትርዒት ሊያሳይ የተነሣ ሰው ሳይሆን፣ ወደ ተነሣበት ቤት የተመለሰ ሰው ነው። አንድን ሰው ከልብ የሚወድ ሁሉ የተወለደበትን ቤት ማየት ያስደስተዋል። የሚያሳስተው ደግሞ፣ «ይህ የጥንቱ፣ ንጹሑ፣ እውነተኛው ሙዚቃ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን ያበላሸው ነው» የሚለው አሳብ ነው።

ይህ አሳብ የሚያሳስት መሆኑን ለማወቅ የብሉግራስን ዕድሜ መቁጠር ይበቃል። ይህን ሙዚቃ ያቆመው የኬንታኪው ተወላጅ ቢል መንሮ በ1939 በናሽቪል ሬዲዮ ታላቅ ዝግጅት ላይ መጫወት ጀመረ፤ ሙዚቃው ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው ግን ኧርል ስክረግስ በሦስት ጣት የሚመታውን ባንጆ ይዞ በ1945 ከጓዱ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ በገበያ መሸጥ የጀመረው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። እንግዲህ ጥንታዊ የተባለው ሙዚቃ፣ አበላሸው ከተባለው መሣሪያ በዕድሜ ያንሳል ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ እነዚያ ሙዚቀኞች በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ተሰብስበው፣ የየራሳቸው ተራ ሲደርስ እየተጠጉና እየራቁ ይጫወቱ ስለ ነበረ፣ ንጹሕ የተባለውን ድምፅ ወልዶ ያሳደገው ሬዲዮ ነው። ባንጆውም ቢሆን ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ከቅልና ከቆዳ የሠሩት መሣሪያ ዝርያ ነው። ወደ ተራራው የመጣው እንግዳ ሆኖ ነው። ንጹሕ የምንለው ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ እንግዳ ነበረ።

የዚህ ስሕተት ተቃራኒም አለ። ቦብ ዲላን በ1965 በኒውፖርት የሙዚቃ በዓል ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ቢወጣ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የወደዱት ብዙዎች ጮኹበት። በኤሌክትሪክ የወደዱት ሰዎችም የወደዱት ጊታሩን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በባዶ ጊታር በመጣ ጊዜ እነርሱም በጮኹበት ነበር። ሁለቱም ወገን የፈረደው በዜማው ላይ አይደለም፤ ዜማውን በያዘው እጅና በእጁ በያዘው ዕቃ ላይ ነው። ሙዚቀኛው ትናንት እንደ ነበረ ሆኖ እንዲቀር መፈለግም ፍቅር አይባልም። እርሱን ሳይሆን፣ እርሱን በሰማንበት ዘመን የነበርነውን እኛነታችንን መውደድ ነው።

በእኛም አገር ይህን የሚያስረዳ ታሪክ አለ። አቶ ኃይሉ መርጊያ በአዲስ አበባ በሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ በኦርጋን ተጫዋችነታቸው የታወቁ ናቸው። በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው እዚያው ቀሩ። በ1985 ግን በልጅነታቸው የተማሩትን አኮርዲዮን አንሥተው አንድ ካሴት ቀዱ። ይሁን እንጂ አኮርዲዮኑን ብቻውን አላቆሙትም፤ የኤሌክትሪክ ፒያኖና በመሣሪያ የሚመታ ከበሮ አጅበውታል። አኮርዲዮን ለአባቶቻችን ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር ነበረ፤ ለእኛ ግን የናፍቆት ድምፅ ሆነ። አቶ ኃይሉ ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዱ፣ መንገደኛ በሚጠብቁበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት በባሕር ዳር በአንድ የሙዚቃ አፍቃሪ እጅ ገብቶ በ2013 እንደ ገና ታተመ፤ እርሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። ኦርጋኑ፣ አኮርዲዮኑና በታክሲ ውስጥ የነበረው ትንሽ ኪቦርድ ሦስት ልዩ ልዩ ዕቃዎች ናቸው፤ በሦስቱም ውስጥ ያለፈው ግን አንድ ሰው ነው።

ይህን ስንል ወጣቱን በደል እንዳናደርስበት እንፈራለን። ዘፈኑ ደኸየ ማለቱ ከንቱ አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ የተቀረጹትን ዘፈኖች የሚያውቅ ሰው፣ መለከቱና ሳክስፎኑ የዘፈኑ ጌጥ ብቻ ሳይሆኑ አጥንቱ እንደ ሆኑ ያውቃል። እነዚያን ነፍጎ በአንድ ክራር ማቅረብ አንዳንዱን ዘፈን መፈተን ሳይሆን ማጉደል ይሆናል። ወርቅ በእሳት ይፈተናል፤ እንጨትን በእሳት መፈተን ግን ማቃጠል ነው፤ ሆኖም እንጨት መቃጠሉ ዋጋ ቢስ አያሰኘውም፤ ቤት የምንሠራው በእርሱ ነውና። ስለዚህ መሣሪያውን መቀነስ የዘፈን ሁሉ ዋጋ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ አዛውንቱ የሰሙት ምን ነበር? ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ እዚያው ነቀምቴ ውስጥ አለ። አስቴር ጋኖ በሊሙ ኢናርያ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በባርነት የተሸጡ ሴት ናቸው። ወደ ዓረብ አገር ሲወሰዱ መርከቡ በ1886 በኢጣልያኖች ተይዞ ነፃ ወጡ፤ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተማሩ። ከቤታቸው ይዘውት የወጡት አንዳች ዕቃ አልነበረም። ክራር የለም፤ ከበሮ የለም፤ አብሮ የሚቀበል ወገንም የለም። ነገር ግን በአሳባቸው ይዘውት የሄዱትን አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን በጽሑፍ አኖሩ፤ ብዙውም በ1894 በእምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመመለስ ሥራ ደክመው፣ በኋላም ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ እያስተማሩ ኖሩ።

ከዘፈን መሣሪያውን ቀንሱ፤ መድረኩን ቀንሱ፤ አገሩንና ወገኑንም ቀንሱ፤ በመጨረሻ የሚቀረው አንዲት ልጅ በመርከብ ሆድ ውስጥ ሆና ልትይዘው የምትችለው ያህል ነው። ያ ደግሞ ትንሽ አይደለም። አዛውንቱ «አሁን ገና ሰማሁት» ያሉት፣ ዘፈኑ ሰው ሊሸከመው በሚችለው መጠን ስለ ቀረበላቸው ይመስለናል። የማጉያውን ድምፅ ማንም ወደ ቤቱ ይዞ ሊሄድ አይችልም፤ ደስ ብሎት በዚያው ትቶት ይሄዳል። በባዶ ድምፅ የተዘፈነውን ግን እያንዳንዱ ሰው በአፉ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ባንጆውንም የሰሙ የሮክ ወዳጆች የተደሰቱት በዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሩቅ ሆነው ያደነቁት ዜማ ቀርቦ በእጃቸው ሊነካ የሚችል ሆኖ አገኙት።

እንግዲህ ጥያቄው ከሙዚቀኛው ወደ ሰሚው ይዞራል። ማጉያው ባለበት ጊዜ ሰሚው ዝም ባይልም ዘፈኑ ይሰማል፤ ማጉያው በሌለበት ጊዜ ግን ዘፈኑ የሚኖረው ሰሚው ዝም ሲልለትና ሲቀበለው ነው። በዚያ ምሽት ሕዝቡ ወደ ፊት የተጠጋው፣ ብርጭቆውን ያኖረው፣ አዝማቹን የተቀበለው ማንም አዝዞት ሳይሆን ያለ እርሱ ዘፈኑ እንደማይቆም ስላወቀ ነው። መስማት ሥራ ነው ማለታችን ይህ ነው። የኦሮሞን ጌረርሳ ያቆየው ብርቱ ማጉያ አይደለም፤ የሰማውን የሚይዝና ለልጁ የሚያወርስ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ ለወጣቱም ለአዛውንቱም የምንለው አንድ ነው። ሙዚቀኛው ክራር ቢይዝ፣ ኦርጋን ቢይዝ፣ ነገ ደግሞ ገና ስሙን የማናውቀውን መሣሪያ ቢይዝ፣ አንፍረድበት። በራሳችን ላይ ግን እንፍረድ። ከሰማነው ውስጥ ምን ያዝን? የምንወደውን ዘፈን መብራቱ ቢጠፋ ለልጆቻችን ልንዘፍንላቸው እንችላለን ወይ? ብዙዎቻችን አዝማቹን ብቻ እንደምናውቅ፣ ከዚያ በኋላ ግን ማጉረምረም እንደምንጀምር በዚያ ሠርግ ላይ አይተናል፤ እኛም ከአጉረምራሚዎቹ ነበርን።

መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ሙዚቀኞቹ ክራሩን አስቀምጠው ኪቦርዱን ከፈቱ፤ ወጣቶቹም በደስታ ጮኹ፤ እኛም አላዘንንም። ያ ወጣት ግን ወደ ጭፈራው ከመግባቱ በፊት ወደ አዛውንቱ ጎንበስ ብሎ፣ የሁለተኛውን ስንኝ ቃል እንዲነግሩት ሲለምናቸው ሰማን። እርሳቸውም ከድምፅ ማጉያው ጩኸት በላይ ለመሰማት ወደ ጆሮው ተጠግተው፣ ቀስ እያሉ ሁለት ጊዜ ነገሩት።