ለከተማም ለሩቅ መንገድም የምትሆን ሞተር

ልጄ፣ ሞተር ልትገዢ ገንዘብ ማጠራቀም መጀመርሽን እናትሽ ነገረችኝ። እሷ ፈርታለች። ፍርሃቷን አልነቅፈውም፤ የወለደ ይፈራል። እኔ ዕድሜዬን የግብርና ባለሙያ ሆኜ በመሥሪያ ቤት ሞተር ከቀበሌ ቀበሌ ስዞር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አትግዢ ልልሽ አልችልም። ምን ዓይነቷን እንደምትገዢ ግን ልምከርሽ።

የምትፈልጊው ግልጽ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሐዋሳ ውስጥ ከአቶቴ መሥሪያ ቤትሽ የምታመላልስሽ፣ ሥራ ሲያዝሽ አለታ ወንዶ ዘልቃ ቡና አምራቾቹ ቀበሌ የምትገባ፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ ሀገረ ሰላም ወጥታ እናትሽ ደጅ የምታደርስሽ አንዲት ሞተር። ሁለት የመግዛት አቅም የለሽም፤ ቢኖርሽም አያስፈልግሽም። ለሁሉም የምትሆን አለች። ሻጮቹ ስለ ፍጥነቷና ስለ ቀለሟ ያወሩሻል፤ አንቺ ሁለት ነገር አጥብቀሽ ጠይቂ። ቁልቁለት ላይ ታቆመኛለች ወይ? ስትበላሽስ እዚያው በተበላሸችበት ትጠገናለች ወይ? ሌላው ሁሉ ከእነዚህ በኋላ ይደርሳል።

ከጉልበት ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት በባሕር ጠለል አየር የተሰላ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ አየር ያነሳት ሞተር ደግሞ ጉልበት ያንሳታል። በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል ብለሽ ያዢው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፣ ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ። ስለዚህ 12 የፈረስ ጉልበት አላት ተብላ የተሸጠችልሽ ሞተር ሐዋሳ ላይ 10 ገደማ፣ እናትሽ ደጅ ስትደርሺ 9 ገደማ ይቀራታል። በዚያ ላይ ታናሽ ወንድምሽን አፈናጠሽ፣ ከኋላ ቡናና ስኳር ጭነሽ ዳገቱን ስትያያዢው አስቢው።

ለዚህ ነው 100 ሲሲ አትግዢ የምልሽ። ለከተማማ ትበቃለች፤ ቤንዚን አትበላም፣ ቀላል ናት፣ በባጃጆቹ መሐል ሹልክ ትላለች። ዳገት ላይ ግን አንደኛ ማርሽ ውስጥ እየጮኸች ስታዘግም፣ ከኋላሽ ሲኖትራክ ክላክስ እየነፋ ይደርስብሻል። ፈጥነሽ ከመንገዱ መሐል መውጣት አለመቻል ከሁሉ የከፋ አደጋ ነው። ከ150 እስከ 200 ሲሲ ያለችውን፣ አራት ምት የሆነችውን፣ በአየር የምትቀዘቅዘውን ፈልጊ። ከዚያ በላይ ደግሞ አትሂጂ። 400 ሲሲና ከዚያ በላይ የሆኑት ትልልቆቹ በፎቶ ሲታዩ ልብ ይሰርቃሉ፤ ወደ 200 ኪሎ የሚመዝነውን ብረት ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ ብቻሽን ታነሽው እንደሆነ ግን ፎቶው አይነግርሽም። በሥራ ዘመኔ የወደቀች ሞተር ያላነሳሁበት ክረምት አልነበረም። ያነሳኋት ቀላል ስለነበረች ነው።

ወጣት ሳለሁ የሰጡን ያማሃ ኤጂ 100 ነበረች። ለእርሻ ሥራ ታስባ የተሠራች ናት፤ ሰንሰለቷ በሽፋን ተዘግቶ ጭቃ አይነካውም፣ ማቆሚያዋ በግራም በቀኝም ነው፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት። ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለምታቃጥል ትጨሳለች፣ ጉልበቷም ትንሽ ነው። ዛሬ እሷን ፈልጊ አልልሽም። ግን የሠሯት ሰዎች ሞተሯ የምትቆምበትን ተዳፋት፣ የምትጫነውን ጆንያ፣ የምትገባበትን ማሳ አስበው እንደሠሯት በእያንዳንዱ ብሎን ይታወቅ ነበር። አንቺም ሱቅ ገብተሽ ስታዪ እንዲህ እያሰብሽ እዪ። ዕቃ የት አስራለሁ? ጭቃው የት ይሰበሰባል?

የጭቃውን ነገር ጠጋ ብለሽ እንድታዪው እፈልጋለሁ። ለአስፋልት የተሠሩት ሞተሮች የፊት ፓራፋንጎ ከጎማው በላይ ሁለት ጣት እንኳ አይርቅም። በሐምሌ የሲዳማ ቀይ አፈር ሲቦካ በዚያች ክፍተት ይሞላና ጎማውን ቀርቅሮ ይይዘዋል። ሞተሯ እየሠራች ጎማው አይዞርም። ወርደሽ በእንጨት መፋቅ ነው፣ 20 ሜትር ሄደሽ ደግሞ እንደገና። እንደ ሆንዳ ኤክስ አር 150 ኤል ያሉት ለአስፋልትም ለፒስታም የተሠሩ ሞተሮች ፓራፋንጎአቸው ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነው፤ የፊት ቸርኬአቸውም 19 ኢንች ስለሆነ ጉድጓድና ኮብልስቶን ላይ አይንገጫገጩም። ለአንቺ መንገድ የሚስማማው የዚህ ዓይነቱ አሠራር ይመስለኛል።

አንድ ችግር ግን አለባቸው፤ ከፍ ይላሉ። የዚያችው የሆንዳ መቀመጫ ከመሬት 82 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። አንቺ ደግሞ እንደ እናትሽ አጠር ያልሽ ነሽ። ሱቅ ውስጥ ተቀመጪባትና የሁለቱም እግሮችሽ የፊት መዳፍ በደንብ መሬት መርገጡን እዪ። በጣትሽ ጫፍ ብቻ ከሆነ የምትረግጪው፣ ጠጠር ላይ ቆመሽ ሰው ተፈናጦብሽ ሳለ ትወድቂያለሽ። እንደዚያ ከሆነ ቦክሰር 150ን የመሰለች ዝቅ ያለች ሞተር ግዢና ጎማዋን ለፒስታ በሚሆን ጥርስ ባለው ቀይሪ። ፓራፋንጎዋንም ጥሩ መካኒክ ከፍ ያደርግልሻል። ብዙ የገጠር ሠራተኛ በዚህ መንገድ እየሠራ ነው፤ በበኩሌ ለአንቺ ከቁመትሽ ጋር የምትስማማዋ ትሻላለች ባይ ነኝ።

ሌላም ጥቅም አላት። ቦክሰርን የሚፈታ መካኒክ በየትኛውም የወረዳ ከተማ አታጪም። መለዋወጫውም ከጎሚስታው ጎን ባለው ሱቅ ይገኛል። ልብሽ ያረፈበት ሌላ ሞተር ካለ ከመግዛትሽ በፊት አለታ ወንዶ ሂጂና ሦስት ዕቃ ጠይቂላት፤ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራ፣ ሰንሰለት ከነጥርሱ። «ከአዲስ አበባ እናስመጣልሻለን» ካሉሽ ያቺ ሞተር ለአንቺ አይደለችም።

ካርቡሬተር ወይስ ኢንጄክሽን ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ኢንጄክሽን ከፍታውን እየለካች ቤንዚኑን ራሷ ትመጥናለች፤ ከሐዋሳ ሀገረ ሰላም ስትወጪ አትታፈንም። ካርቡሬተር ግን ታች የተስተካከለላትን መጠን ይዛ ስለምትወጣ ላይ ቤንዚን ይበዛባታል፤ ካንዴላውን ብትፈቺው ጥላሸት ለብሶ ታገኚዋለሽ። ይሁን እንጂ ካርቡሬተር በአንድ ፒንሳና በአንድ ካቻቢቴ መንገድ ዳር ይፈታል፣ ይጠረጋል፣ ይገጠማል። ኢንጄክሽን የነዳጅ ፓምፗ ባትሪ ይፈልጋል፤ መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥም በየወረዳው የለም። በዚያ ላይ ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛትሽ አይቀርም፤ ውሃም ዝቃጭም ይኖርበታል። ስለዚህ ለጊዜው ካርቡሬተር ያላትን፣ በቁልፍም በእግርም የምትነሳውን ውሰጂ። 150 ሲሲ ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር ከ2 እስከ 2 ሊትር ተኩል ገደማ ነው የምትጠጣው፤ 11 ሊትር የሚይዝ ታንክ ካላት ሞልተሽ ወጥተሽ ሳትቀጂ ትመለሻለሽ። ከማደያ የቀዳሽውን ይዘሽ መመለስ ከቻልሽ ከሃይላንዱ ታመልጫለሽ።

የኤሌክትሪኩንም አስቤበታለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነጂ ብትሆኚ እሱን ግዢ እልሽ ነበር። መብራት በሚጠፋበት ገጠር ዳገት ወጥቶ ለመመለስ ግን ገና ነው።

አሁን ወደ ፍሬን ልምጣ። ከሀገረ ሰላም ስትመለሺ ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው ሞተር አጥፍተው በፎሌ የሚወርዱ ልጆች ታያለሽ። አንዳንዶቹ ፈገግ እያሉ ያልፉሻል። በፎሌ የሚወርድ ሰው ክብደቱን ሁሉ የሚይዝለት ፍሬኑ ብቻ ነው። ታምቡር ፍሬን ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳይለቀቅ ሲያዝ ይግላል፣ ሲግል ሸራው መያዙን ይተዋል። ፔዳሉን ትረግጪዋለሽ፣ ይወርዳል፣ ሞተሯ ግን አትቆምም። ይህን ነገር አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። አንቺ ዳገቱን በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ፤ ሦስተኛ ከነበረ በሦስተኛ፣ ሁለተኛ ከነበረ በሁለተኛ። ሞተሩ ራሱ ይይዝሻል፤ ፍሬኑን ከኩርባው በፊት ቆንጠጥ አድርገሽ ትለቂዋለሽ። ፍሪሲዮን ጨብጠሽ ኩርባ አትግቢ። ስትገዢም የፊት ፍሬኗ ዲስክ የሆነውን ምረጪ። አጥብቀሽ ስትይዢ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው፤ ዲስክ ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል። ከኋላ ታምቡር ቢሆን ግድ የለም። ለዲስኩ ብለሽ የምትጨምሪው ብር አይቆጭሽ።

አዲስ አበባ ድረስ መንዳት ያምርሽ ይሆናል። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሞተሯም ትችለዋለች። የስምጥ ሸለቆው መንገድ ግን ሜዳ ስለሆነ ያዘናጋል። ከብትና የአህያ ጋሪ ድንገት ይገባብሻል፤ ጋሪው ደግሞ መብራት የለውም። ስለዚህ በጠዋት ተነሺና 12 ሰዓት ሳይሞላ የትም ብትሆኚ እደሪ። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ላይ ገደብ ተጥሏል፤ ሳትጠይቂ አትግቢ። እኔ ብሆን አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ሩቅ መንገድ ማለት የግድ አዲስ አበባ አይደለም፤ በዶዶላና በአዳባ አልፎ ጎባ የሚያደርሰው መንገድ ለዓይንም ለልብም ይበልጣል።

ሄልሜት ላይ አልከራከርሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት የጠቀሰው የጥናቶች ማጠቃለያ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ያሳያል። አገጭ ድረስ የሚሸፍነውን ግዢ፣ ማሰሪያውን ሁልጊዜ ቆልፊው። ሁለት ግዢ፤ አንዱ ለሚፈናጠጠው ሰው ነው። ገንዘቡ ካልበቃሽ ሞተሯን ሁለት ወር አዘግዪው እንጂ ሄልሜቱን አታስቀሪ። ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ጨምሪበት፤ ላይ ሀገር ጉሙ በጥቅምትም ያበሰብሳል። መንጃ ፈቃዱም ለሞተር የሚሰጠው መሆን አለበት፤ የአውቶሞቢሉ ለሞተር አይሠራም።

አዲስ መግዛት ከከበደሽ አሮጌ ግዢ፣ ነውር የለውም። ብቻ አትቸኩዪ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሻጩ ቤት ጠዋት ሂጂና ከሁሉ በፊት ሞተሯን በእጅሽ ንኪያት። ሞቃ ከጠበቀችሽ ችግሯን ለመሸፈን አስቀድሞ አስነስቷት ሊሆን ይችላል፤ ቀዝቅዛ በምታድርበት ሌላ ጠዋት ተመለሺ። ቀዝቅዛ በእግር በአንድ ሁለት ምት መነሳት አለባት። ማርሚታዋን እዪ፤ ሰማያዊ ጭስ ካልጠፋ ዘይት እየበላች ነው፣ ፒስተንና ቀለበት ልትፈልግ ትችላለች። የሰንሰለቱ ጥርሶች ጫፋቸው ሾሎ ወደ አንድ ወገን ከጎበጠ አልቀዋል። የፊት ሞላዎቹ ዘይት ማንጠባጠብ የለባቸውም። ከዚያ ሊብሬውን ተቀብለሽ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከብረቱ ላይ አንድ በአንድ አመሳክሪ። አንድ ፊደል እንኳ ቢለይ፣ ወይም ቁጥሩ የተፋቀ ቢመስልሽ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ብርሽን ይዘሽ ውጪ። የታመነ መካኒክ ይዘሽ ለመሄድ ካሰብሽ ቀኑን ንገሪኝ፤ እኔም አብሬ እመጣለሁ።