«ተቀመጪ» ሲሉሽ

ልጄ፣ ትናንት ማታ የምርመራውን ወረቀት በስልክ ስታነቢልኝ ድምፅሽ ሲሰበር ሰማሁት። «የወገቤ ቲ-ስኮር ነጌቲቭ 2.8 ነው፤ የአጥንት መሳሳት ነው አሉኝ። በስፖርት ይመለስ ይሆን?» አልሽኝ። እኔም የሚረባ ነገር ሳልመልስልሽ «አይዞሽ» ብቻ ብዬ ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አይዞሽ አይበቃሽም። አስተዋይ ልጅ ነሽ፤ ነገሩን ከነምክንያቱ ልትሰሚው ይገባል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ያ ቁጥር ያንቺን አጥንት ከጤነኛ ወጣት ሴት አጥንት ጋር አስተያይቶ የሚናገር ነው። እስከ ነጌቲቭ 1 ደህና ይባላል። ከዚያ በታች የቀነሰ ይባላል። ነጌቲቭ 2.5 ሲደርስና ከዚያ ሲወርድ የሳሳ ይባላል። መስመሩን በ1994 እ.ኤ.አ. ያሰመረው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። መስመሩን አለፍሽ ማለት ነገ ትሰበሪያለሽ ማለት አይደለም። የወር አበባሽ ከቆመ ገና 5 ዓመትሽ ነው፤ አጥንት በብዛት የሚሸሸው ደግሞ በእነዚህ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። አንቺ ሳትሰበሪ አወቅሽ። እኔ ተሰብሬ ነው ያወቅሁት።

የኔን ልንገርሽ። 63 ዓመቴ ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ደጃፌ ላይ አዳልጦኝ የእጄ አንጓ ተሰበረ። ጎረቤት ወጌሻ ይጠራ አለ፤ ልጆቼ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። አጥንቴ መሳሳቱም ያኔ ታወቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቴ የሚሰማው አንድ ቃል ሆነ፦ «ተቀመጪ»። ዘንቢሉን ልጄ ተቀበለኝ። ረከቦቱን ምራቴ አነሳችው። እንግዳ መጥቶ ልነሳ ስል «በሞቴ ተቀመጪ» ይሉኛል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ያሳደግኋቸው ልጆች አከበሩኝ ብዬ ተቀመጥሁ። 2 ዓመት ሙሉ ተቀመጥሁ።

ከዚያማ ከበርጩማ ለመነሳት በሁለት እጄ ጉልበቴን መደገፍ ጀመርሁ። አንድ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስሄድ ወደቅሁና ከአከርካሪዬ አንዱ አጥንት ተጨመቀ። ቁመቴም አጠረ። ይህንን የነገረኝ ቀሚሴ ነው፤ በልኬ የተሰፋው የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ መሬት ይጠርግ ጀመር። ልጆቼ ያስቀመጡኝ በፍቅር ነው። አጥንት ግን ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሸክም ነው።

ይህን ያስረዳኝ አንድ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነው። «እማማ፣ አጥንት ድንጋይ አይምሰልዎት፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው» አለኝ። በውስጡ አሮጌውን የሚያፈርሱ ሕዋሳት አሉ፤ አዲሱን የሚገነቡም አሉ። ጭነት ሲመጣ ገንቢዎቹ ይበረታሉ። ጭነት ሲቀር አፍራሾቹ ይበልጣሉ። ዩልየስ ቮልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም፣ አጥንት በሚያርፍበት ሸክም ልክ ራሱን እንደሚያበጅ በ1892 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጽፎበታል። ወደ ጠፈር የሚወጡትን ሰዎች ደግሞ አስቢ። ተመርጠው የሄዱ ጤነኞች ናቸው። ክብደት በሌለበት ሲንሳፈፉ ግን ከዳሌና ከወገብ አጥንታቸው በየወሩ 1 በመቶ ያህል ይጎድላል። እዚያ ሆነው በየቀኑ ስፖርት የሚሠሩት ለዚህ ነው። እኔም ለካ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ጠፈር ወጥቼ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በስፖርት ይመለሳል ወይ? እንደ ልጅነትሽ ይሆናል ብዬ አላታልልሽም። መውረዱን ይይዛል፤ ጥቂትም ይጨምራል። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ጎልድ ኮስት በሚባል ከተማ፣ ቤሊንዳ ቤክ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ አጥንታቸው የቀነሰ 101 ያረጡ ሴቶችን ለ8 ወር ተከታተሉ። አማካይ ዕድሜያቸው 65 ነው፤ ካንቺ ይበልጣሉ። ግማሾቹ በሳምንት 2 ቀን ለ30 ደቂቃ ከባድ ብረት አነሱ። ከመሬት አነሱ፣ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ቁጭ ብድግ አሉ፣ ከራሳቸው በላይ ገፉ፣ ዘለውም በእግራቸው አረፉ። ሌሎቹ ቤታቸው ሆነው ቀለል ያለውን ሠሩ። ብረት ያነሱት የወገባቸው አጥንት 2.9 በመቶ ጨመረ። የሌሎቹ 1.2 በመቶ ቀነሰ። ሲያነሱ የተጎዳችውም አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ወገቧን ትንሽ ያዛት። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ይህን ሰምተሽ ነገ ጠዋት ሮጠሽ ብረት እንዳትጨብጪ። አደራ። እነዚያ ሴቶች ብቻቸውን አላነሱም። በእያንዳንዱ ቀን ባለሙያ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። የመጀመሪያውን ወር በቀላል ክብደት አነሳሱን ተምረዋል፤ የከበደው በኋላ ነው የመጣው። አንቺ ከስልክ ላይ ቪድዮ እያየሽ የምትሠሪው ነገር አይደለም። ደግሞም ከመጀመርሽ በፊት አከርካሪሽ በራጅ ይታይ። የአከርካሪ ስብራት ብዙ ጊዜ ሳያምም ያልፋል፤ ሰው «ወገቤን ያዘኝ» ብሎ ይተወዋል። እኔ አንድ ጊዜ ስለተሰበርሁ ያ ከባዱ አይፈቀድልኝም። የኔ ሌላ ነው፤ ቀለል ያለ ነው። ጎረቤትሽ የምትሠራውንም እንዲሁ እንዳለ አትቅጂ።

አንድ ነገር ግን ሳላስጠነቅቅሽ አላልፍም፤ ጀርባሽን አጉብጠሽ ወደ ፊት መታጠፍን። ማዮ ክሊኒክ በሚባል የአሜሪካ ሆስፒታል ተሠርቶ በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የተጠኑት አጥንታቸው የሳሳ ሴቶች ናቸው። ጀርባቸውን ወደ ኋላ የሚያቀና ስፖርት ከሠሩት መካከል አዲስ የአከርካሪ ስብራት የታየባቸው 16 በመቶ ናቸው። ወደ ፊት የሚያጎብጠውን ከሠሩት ግን 89 በመቶ። ሴቶቹ በቁጥር ጥቂት ነበሩ፤ ልዩነቱ ግን የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ ሆድ ለማጥፋት ተንጋሎ እየተነሱ የሚሠራው ስፖርት ላንቺ አይደለም። አጭሩ መጥረጊያም ላንቺ አይደለም፤ ረጅም እጀታ ግዢለት። ልብስ በሳፋ ስታጥቢ ሳፋውን ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርጊው። ጄሪካን ስታነሺ ከወገብሽ ሳይሆን ከጉልበትሽ ታጠፊ፤ ወደ ሰውነትሽም አስጠጊው። ስግደቱንም ቢሆን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እኔ ስነግራቸው ቆሜ እንድጸልይ ፈቀዱልኝ፤ ያፈርሁት በከንቱ ነበር።

ስለ እፍረት ካነሳሁ፣ ጂም የገባሁበትን ቀን ልንገርሽ። በስተርጅና ሱሪ ለብሼ! ሙዚቃው ይጮኻል፣ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፣ ልጆቹ የልጅ ልጄ እኩያ ናቸው። በሩ ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያ ፊዚዮቴራፒስት ወንበር አመጣልኝና «እማማ፣ እጅዎን ሳይደገፉ 5 ጊዜ ይነሱ» አለኝ። ሦስት ላይ ቀረሁ። ቤቴ ሄጄ ለማንም አልተናገርሁም። ቡና ሲቆላ እየተነሳሁ እየተቀመጥሁ ለመድሁት። በወሩ 5 ሞላ። ከዚያ በእያንዳንዱ እጄ 1 ኪሎ ሽሮ ይዤ። ዛሬ 74 ዓመቴ ነው፤ ባለሙያው እያየኝ 12 ኪሎ አነሳለሁ። አጥንቴ ብዙ አልጨመረም፤ ግን መውረዱን ተወ። ከዚያ ወዲህም አልወደቅሁም። እኔ ትልቁ ነገር ይህኛው ይመስለኛል፤ የሳሳ አጥንት የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ሲወድቁ ነው። ስለዚህ ሚዛን መጠበቅንም ተለማመጂ። የወንበር ጀርባ ይዘሽ በአንድ እግርሽ ቁሚ፤ ሲለምድልሽ እጅሽን ላላ አድርጊ።

መራመድ አይበቃም ወይ ትይኝ ይሆናል። ለልብሽም ለእግርሽም መልካም ነውና አትተዪው። ግን አጥንትሽ እርምጃሽን ለምዶታል፤ አዲስ ነገር አይነግረውም። ዋናና ብስክሌትም እንዲሁ፤ ክብደትሽን ውኃውና ኮርቻው ይሸከሙልሻል።

ስፖርት ጀመርሁ ብለሽ መድኃኒቱን እንዳትጥዪ ደግሞ። ይህን የማነሳው ስለማውቅሽ ነው፤ ክኒን አትወጂም። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። በተለይ በየ6 ወሩ የሚወጉት መርፌ ከታዘዘልሽ ቀጠሮውን አታሳልፊ፤ በድንገት ሲቋረጥ አጥንቱ ቶሎ ይወርዳል፣ አከርካሪ የተሰበረባቸውም አሉ። ማቆም ካማረሽ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ ይሁን። ምግቡን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ጤፍም ጎመንም ካልሲየም አላቸው። ወተትና እንቁላል በማይበላበት ጾም ግን ምን እንደምትተኪ ጠይቂ። ቢሮ ተዘግተሽ ስለምትውዪ ቫይታሚን ዲሽም ይታይልሽ።

የምፈራልሽ ሌላ ነው። ትጀምሪያለሽ፤ 3 ወር ትሠሪያለሽ፤ ከዚያ ሠርግ ይመጣል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ የቢሮ ሥራ ይበዛል። አጥንት ዘገምተኛ ነው፤ በ3 ወር የሚያሳይሽ ነገር የለም። ዳግም የሚለካውም ከ1 ወይም ከ2 ዓመት በኋላ ነው፤ ሲለካ በዚያው መሣሪያ ቢሆን ይሻላል። ከተውሽው ደግሞ ያገኘሽው ቀስ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ቀኑን ቁረጪ። ማክሰኞና ቅዳሜ ይሁን። ለቅሶ ቢኖር እንኳ ጠዋት ሠርተሽ ሂጂ፤ ማንም አይቀየምሽም።

ልጆችሽንም ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ዘንቢል ሊቀበሉሽ ሲመጡ «ግማሹን ተዉልኝ» በያቸው። ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። ማክሰኞ ከጂም ስትመለሺ እደውልልሻለሁ፤ ስልኩን ቆመሽ አንሺው። እኔም እዚህ የወንበሩን ጀርባ ይዤ በአንድ እግሬ ቆሜ ነው የማወራሽ፤ ካዛለኝ እግሬን እቀይራለሁ።