ከጫካው በፊት የነበሩት ሠላሳ ዓመታት

ልጆቼ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ጦርነትንም ከጥይቱ አትጀምሩት። ጥይት ከመጮኹ በፊት ብዙ ተነግሯል፣ ብዙ ደጅ ተጠንቷል፣ ብዙ ማመልከቻ ተጽፎ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያልና እስቲ ላውጋችሁ። ዘመኑን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እንግሊዞች ከሞምባሳ ተነስተው እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ በ1901 ሐይቁ ዳር ደረሰ። ገንዘቡ የትየለሌ ነበርና ወጪውን የሚመልስ አራሽ ያስፈልጋል ተባለ፤ አራሹም ነጭ እንዲሆን ተፈለገ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እነዚህኞቹ ግን አንጥፉልን እንኳ አላሉም፤ ባለቤቱ የተቀመጠበትን ቁርበት ስበው ተቀመጡበት። ለም የሆነው ደጋ የዘውድ መሬት ነው ተባለ። በ1915 የወጣው ሕግ ደግሞ ለሠፋሪው የኪራይ ዘመኑን 999 ዓመት አደረገለት። አንድ ሺህ ለማለት ምን እንዳሳፈራቸው እኔ እንጃ! አያቱ መንጥሮ ባቀናው መሬት ላይ ጭሰኛ የሆነው የኪኩዩ ብሔረሰብ ሰው፣ እዚያው ለመኖር በዓመት 180 ቀን ለሠፋሪው መሥራት ግዴታው ሆነ።

በርስትና በሚስት ቀልድ የለም የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ነገሩ በአንድ ቀን አልመጣም። የጎጆ ግብር መጣ። ግብሩ በገንዘብ የሚከፈል ነው፤ ገንዘቡ ያለው ደግሞ ነጩ እርሻ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው የራሱን ማሳ ትቶ የሌላውን ሊያርም ይሄዳል። ቀጥሎ ኪፓንዴ መጣ። ዕድሜው ከ16 ዓመት ያለፈ ወንድ ሁሉ የጣት አሻራውና የአሠሪው ፊርማ ያለበትን ወረቀት በትንሽ የቆርቆሮ መያዣ አድርጎ፣ ልክ ቃጭል እንደታሰረለት ፍየል፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንዲዞር ታዘዘ። ሳይዝ ከተገኘ ይቀጣል። አሠሪው ካልፈረመለት ሌላ ሥራ አያገኝም። ልጁ እያየው፣ ሚስቱ እያየችው ይህን ተሸክሞ ገበያ የሚወጣ አባወራ ምን ምን ሲያሰላስል እንደሚያድር አስቡት።

ሐሪ ቱኩ የሚባል ወጣት ተነሳ። ናይሮቢ ውስጥ በመንግሥት ግምጃ ቤት የስልክ ሠራተኛ ነበር። ጦር አልወረወረም። ሰው ሰብስቦ ተናገረ፣ ጻፈ፣ ለንደን ድረስ ቴሌግራም ላከ። ያነሳው ነገር የግብሩን መብዛት፣ ኪፓንዴውን፣ የደመወዙን መቀነስና ሴቶችን በግድ ማሠራቱን ነበር። በማርች 1922 አሰሩት። ሕዝቡ በፖሊስ ጣቢያው ደጅ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎች ገብተው ተነጋገሩ፤ ወጥተውም በሉ ወደየቤታችሁ ግቡ አሉ። ወንዶቹ መመለስ ሲጀምሩ ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ የምትባል ሴት ብድግ ብላ፣ እንግዲያው ቀሚሴን ውሰዱና ሱሪያችሁን ስጡኝ ብላ አሳፈረቻቸው ይባላል። ይህ ንግግር ለአበሻ ጆሮ ትርጉም አያሻውም። ሕዝቡ ወደ በሩ ተመለሰ፤ ፖሊስም ተኮሰ። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟች ቁጥር 21 ነው። ኛንጂሩም ከሟቾቹ አንዷ ሆነች።

ልብ በሉልኝ፣ ያ ሕዝብ የዚያን ዕለት ነፃነት ስጡን አላለም፤ ሰውየውን ፍቱልን ነው ያለው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር። ቱኩን ግን ኪስማዩ አውርደው ለዓመታት በግዞት አስቀመጡት።

ሰዉ ይህን አይቶም ተስፋ አልቆረጠም። በ1929 የኪኩዩ ማኅበር ጆሞ ኬንያታን አቤቱታ አስይዞ ወደ ለንደን ላከው። በ1931 ዳግመኛ ሄዶ 15 ዓመት ያህል ባሕር ማዶ ቆየ። ውለታ ነውና በመሐል አንድ ነገር ላንሳ፤ በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ፊቷን ወደኛ ስታዞር፣ ለንደን ያሉ ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ወዳጅ የሚሆን ማኅበር ሲያቆሙ ጸሐፊው ይኸው ኬንያታ ነበር።

እሱ በሌለበት፣ በ1932 የመሬት አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሽማግሌዎች ቀርበው፣ ወንዙ እስከዚህ፣ ዛፉ እስከዚያ የኛ ነው ብለው መሰከሩ። መሬቱን የወሰደው መንግሥት ነው፤ አጣሪውንም የሾመው እሱው ነው። የተወሰነ መሬት ጨመረላቸውና በቀረው ላይ ያላቸው የይገባኛል ጥያቄ እስከ ወዲያኛው ተዘጋ። እኔ ከሁሉም የከፋ የምለው ይህን ነው። ያልተሰማ ሰው ነገ ይሰማኝ ይሆናል ብሎ ይጠብቃል፤ ተሰምቶ የተገፋ ሰው ግን ምን ይጠብቃል?

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የኬንያ ልጆች በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ዘመቱ። በ1941 ከጣሊያን ጋር እዚሁ እኛ አገር፣ እስከ ጎንደር ድረስ ተዋጉ፤ ሌሎቹ በርማ ወረዱ። ሲመለሱ ለነጩ ወታደር የእርሻ መሬት ተዘጋጅቶለት ነበር። ጥቁሩን የጠበቀው ያው አድልዎ ነው። ከበርማ ከተመለሱት አንዱ ዋሩሂዩ ኢቶቴ፣ ኋላ ኬንያ ተራራ ጫካ ገብቶ ጄኔራል ቻይና የተባለው ነው። ጠመንጃ ማንገት ያስተማሩት ራሳቸው እንግሊዞቹ ናቸው።

እንግዲህ መሬታችንን ታግለን እናስመልስ የሚል መሐላ በየመንደሩ በድብቅ ተዛመተ። በኦክቶበር 1952 ለመንግሥት ያደሩ አንድ ትልቅ ባላባት ተገደሉ፤ በዚያው ወር በ20ኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያችው ሌሊት ማንን ያዙ? ኬንያታን፤ ያን ሁሉ ዘመን ወረቀት ይዞ ደጃቸውን ሲጠና የኖረውን ሰው። ፍርድ ቤት አቅርበው 7 ዓመት ከባድ ሥራ ፈረዱበት። የሚነጋገረውን ሰው አስረው ከማይነጋገረው ጎረምሳ ጋር ጫካ ለጫካ ተፋጠጡ።

ጦርነቱን በዝርዝር አልተርክላችሁም። የተገደሉት ነጭ ሠፋሪዎች 32 ናቸው፤ በገመድ የተሰቀሉት አፍሪካውያን ግን ከአንድ ሺህ በላይ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ኪኩዩ ቤቱን ለቆ በቦይና በእሾህ በታጠረ መንደር ታጎረ። ደግሞም የማልደብቃችሁ ነገር አለ። በማርች 1953 ላሪ በምትባል መንደር፣ ኪኩዩ በኪኩዩ ላይ በር ቆልፎ ሴትና ሕፃን በእሳት አነደደ፤ ብድሩም በዚያው ሌሊት በደም ተመለሰ። የዚያም ቂም ሥሩ መሬት ነበር። ግፍ የሠራው ሌላ፣ የተላለቁት ወንድማማች።

በማርች 1959 ሆላ በተባለ የእስረኞች ካምፕ ጠባቂዎች 11 እስረኞችን ቀጥቅጠው ገደሉ። መንግሥት መጀመሪያ ያወጣው መግለጫ ሰዎቹ የሞቱት ውሃ ጠጥተው ነው የሚል ነበር። ይህ ውሸት ሲጋለጥ የለንደን ፓርላማ ሳይቀር አፈረ። ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ኬንያ ነፃ ወጣች።

መሬቱስ? በእንግሊዝ ብድር ከሠፋሪው እየተገዛ ተከፋፈለ፤ ገንዘብ የነበረው ገዛ። ከጫካ የወጣው ታጋይ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ቀረ፤ የታጋዮቹን ድርጅት የከለከለው ሕግ እንኳ የተነሳው በ2003 ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ያረጁት እስረኞች ለንደን ድረስ ሄደው ከሰሱ። በ2013 እንግሊዝ በደሉን አምና ለ5,228 ሰዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማች። ኬንያታ የመጀመሪያውን አቤቱታ ይዞ ከሄደ 84 ዓመት ሆኖት ነበር።

እናንተ ዛሬ በወረዳም በቀበሌም ወንበር ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ የመሬት አቤቱታ ይዞ የሚመጣውን ሰው አስቀምጡት፤ መዝገቡን ፊቱ ገልጣችሁ እዩለት። እንቢም የምትሉት ከሆነ ምክንያቱን ንገሩት። ነገ ተመለስ እያላችሁ አታመላልሱት።