ጥፋት የሌለበት ኃላፊነት

ልጅ በአእምሮ ሕመም ሲያዝ ብዙ ወላጅ ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን በድዬ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የቆየ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የእሱ ይሁን የወላጆቹ ጠየቁ፤ ክርስቶስ ግን የማንም አለመሆኑን ነግሯቸው ሰውየውን ወደ መፈወስ አለፈ። የቤተሰብ ቴራፒስትም ከዚሁ መነሳት አለበት እላለሁ፤ ወላጅ ለልጁ መዳን ኃላፊ ለመሆን ለሕመሙ ጥፋተኛ መሆን የለበትም።

ሙያው ራሱ ይህን የተማረው ብዙ እናቶችን ካቆሰለ በኋላ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ የኦቲዝምን መነሻ ከወላጅ፣ በተለይም ከእናት ቅዝቃዜ ጋር አያያዘው። በልጃቸው ዝምታ የተጨነቁ ሴቶች በላዩ ክስ ተጫነባቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሱዛን ፎልስቴይንና ማይክል ራተር መንትዮችን አጥንተው የዘር ውርስን ድርሻ ሲያሳዩ ክሱ መሠረቱ ተናጋ። በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል ደግሞ ሐኪሞች አኖሬክሲያ የያዛቸውን፣ ማለትም ውፍረትን ከመፍራት የተነሳ ምግብ የሚተዉ ልጆችን ሲያክሙ ሌላ መንገድ ያዙ። ቤተሰቡ ምግቡን ይዞ ይመጣል፤ ሐኪሙ ባለበት ማዕድ ይቀርባል፤ ልጅቷ ሳህኑን ስትገፋ እናትና አባት ሳይቆጡ፣ ሳይለማመጡም፣ በአንድ ቃል ሆነው አንድ ጉርሻ እንድትጨምር ያደርጓታል። ሕመሙን ማን አመጣው የሚለው እዚያ አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ጥናታቸው እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው 19 ዓመት ሳይሞላ ታመው ሕመሙ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ለታማሚው ብቻ ከሚሰጥ ሕክምና ይልቅ የቤተሰቡ ሕክምና የተሻለ ውጤት ሰጠ።

«ካላጠፋሁ ሸክሙ ለምን የእኔ ይሆናል?» የሚል ይኖራል። ደጉ ሳምራዊም መንገደኛውን አልደበደበም፤ ቁስሉን ያሰረው አጠገቡ ስለነበረና ስለራራ ነው። ከልጅ ደግሞ ከወላጅ የቀረበ የለም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ልጁን የሚደበድብ ወይም የሚደፍር ወላጅስ? እሱንም «ጥፋት የለብህም» እንበለው? በፍጹም። እዚያ ቤት ልጁን ከአደጋ ማውጣት ከማንኛውም ምክክር ይቀድማል፤ ቴራፒስቱም ያየውን ሸፍኖ ማስታረቅ አይችልም፣ ሽማግሌ ቢለምነውም። ይሁንና ያ ሰው የሚጠየቀው በሠራው ሥራ ነው እንጂ ልጁ ስለታመመ አይደለም። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ቢያድግ እንኳ ዱላው ያው ወንጀል ነው።