ስለ ድንገተኛ ዝና

ሰው ሁሉ ስሙ በመልካም እንዲነሣለት ይወዳል። ይህ ምኞት በራሱ ነውር አይደለም፤ ስሙ ቢጠፋ የማይገደው ሰው ምግባሩም ቢጠፋ አይገደውምና። ነገር ግን መልካም ስምን መውደድና መታየትን መውደድ አንድ የሚመስሏቸው ብዙዎች ናቸው። ቀድሞ የአንድ ሰው ስም ከአገሩ አልፎ እንዲሰማ ባለቤቱ ብዙ ዘመን መድከም ነበረበት። ዛሬ ግን በኪስ በሚያዝ ስልክ የተቀረጸ የጥቂት ደቂቃ ጭፈራ በአንድ ሌሊት ዓለምን ሊዞር ይችላል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ በፊታችን ተደቅኗል፤ ይኸውም፥ እንዲህ በድንገት የሚመጣ ዝና ለባለቤቱ ምን ያተርፍለታል? ልንመኘውስ ይገባናልን? የሚል ነው።

ነገሩን ለመመርመር በእጅጉ የታወቀውን ምሳሌ እንውሰድ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የደቡብ ኮሪያው ዘፋኝ ፓርክ ጄ ሳንግ፥ በመድረክ ስሙ ሳይ የሚባለው፥ በ2012 በሐምሌ ወር «ጋንግናም ስታይል» የተባለውን ዘፈኑን ከነፊልሙ በዩቲዩብ አወጣ። ወፈር ያለ ሰው ነው፤ ጥቁር መነጽር አድርጎ፥ እንደ ባለጸጋ ለብሶ፥ በማይታይ ፈረስ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው እየጋለበ ይጨፍራል። ያየው ሁሉ ሣቀ፤ የሣቀውም ለጎረቤቱ አሳየ። በጥቅምት ወር በዚያን ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ባን ኪ ሙን በኒው ዮርክ ተቀበሉት፤ ከኮሪያ ሰዎች ሁሉ በዓለም ይበልጥ የመታወቁን ስፍራ ለእርሱ መልቀቃቸውንም በቀልድ ተናገሩ። በታኅሣሥ ወር ፊልሙ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ታየ። ከዚያ በፊት በዩቲዩብ ይህን ያህል የታየ አንድም ፊልም አልነበረም።

ይህን የሰማ ወጣት «አንድ ጭፈራ ዕድሌን ይለውጠዋል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን የታሪኩን መጀመሪያ መመልከት ያስፈልጋል። ይህ ሰው ንግድ እንዲማር ወደ አሜሪካ ቢላክ ንግዱን ትቶ ሙዚቃን መረጠ። በ2001 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ይዘቱ ለጨዋ ጆሮ አይገባም ተብሎ መቀጫ ከፈለ። የውትድርና ግዴታውን ፈጽሜአለሁ ካለ በኋላም የፊተኛው አገልግሎት በቂ አይደለም ተብሎ በ2007 ዳግመኛ ተጠራና እስከ 2009 አገለገለ። ዓለም ባወቀው ጊዜ በሙያው ዐሥራ አንድ ዓመት የቆየ፥ ስድስተኛ አልበሙን የሚያወጣ ሰው ነበር። ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እኛ ግን ያየነው መሄድ የጀመረበትን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ለእኛ የአንድ ሌሊት የመሰለን ዝና ለእርሱ የዐሥራ አንድ ዓመት ድካም ነበረ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የጠለቀ ነው። ፊልሙ ተራ ቀልድ አልነበረም፤ ሳይኖራቸው ያላቸው መስለው የሚታዩትን ሰዎች የሚነቅፍ ነበረ። የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1951 ሲዘምት ኮሪያ በጦርነት የፈረሰች አገር ነበረች፤ ጋንግናምም በዚያን ዘመን የእርሻ መሬት ነበረ። ዛሬ በሴኡል ከተማ ባለጸጎች የሚኖሩበት ሠፈር ሆኗል። እንዲህ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሀብት በተገኘበት ስፍራ ሀብታም መስሎ መታየት የብዙዎች ሕመም ይሆናል። ሳይ የቀለደው በዚህ ነው። በፊልሙ መጀመሪያ ሰውዬው በባሕር ዳርቻ ፀሐይ የሚሞቅ ይመስላል፤ ወዲያው ግን የተጋደመው በልጆች መጫወቻ ሜዳ ላይ መሆኑ ይገለጣል። ቀጥሎ በኩራት ሲራመድ ነፋስ ቆሻሻና አረፋ በፊቱ ላይ ይበትንበታል። ቋንቋውንና ሠፈሩን የሚያውቁት ትርጕሙ ገባቸው። ቋንቋውን የማያውቀው የዓለም ሕዝብ ግን አብዛኛው ግልቢያውን ወሰደ፤ ነቀፌታውን ተወ። ከንቱ መታየትን የሚነቅፈው ሥራ እርሱ ራሱ በየአገሩ የመታያ ውድድር ሆነ። እንግዲህ ዝና ብዙ ዓይን ይሰጣል፤ ብዙ አስተዋይ ግን አይሰጥም።

ሦስተኛም ዝና ዋጋውን ያስከፍላል። በ2014 የፊልሙ ቍጥር 2,147,483,647 ሲያልፍ፥ የድርጅቱ መቍጠሪያ ከዚያ በላይ እንዲይዝ ሆኖ መስፋቱ ተነገረ። መቍጠሪያን ማስፋት ይቻላል፤ የሰው ትከሻ ግን እንዲሁ አይሰፋም። ይህን ያህል የታየ ሰው ቀጥሎ ምን ይሠራል? በ2013 ያወጣው «ጀንትልማን» የተባለው ዘፈን እጅግ ብዙ ጊዜ ታየ፤ ሆኖም ሰው ሁሉ ከፊተኛው ጋር እያስተያየ አነሰ አለው። ለሌላ ዘፋኝ የዕድሜ ልክ ደስታ የሚሆነው ለእርሱ እንደ ጕድለት ተቈጠረ። የፊተኛውን የሚተካ ሥራ ለማውጣት ብርቱ ጭንቀት እንደ ነበረበትም ራሱ ተናግሯል። በ2017 ደግሞ የአንደኛነቱን ስፍራ ሌላ ዘፈን ወሰደው።

ታዲያ ይህ ሰው ለምን አልወደቀም? መቆሚያ ነበረውና ነው። ዝናው ሳይመጣ ያወቀው ሙያ፥ ዝናው ሲቀንስ ተቀበለው። ወደ አገሩ ሕዝብ ተመልሶ በመድረክ መዝፈኑን ቀጠለ፤ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ሌሎችን ዘፋኞች ያወጣ ጀመር፤ በ2022 ዘጠነኛ አልበሙን አወጣ። ሙያ ሳይኖረው በአንድ ጭፈራ ብቻ ከፍ ያለ ሰው ግን ተመልካቹ ፊቱን ባዞረ ጊዜ የሚመለስበት ቤት የለውም። ዓይን ለመሳብ ሲል ዛሬ ካደረገው የባሰ ነገር ነገ ያደርጋል፤ ከነገ ወዲያም ከዚያ የባሰ ያደርጋል። መጨረሻው ክብሩን እየቈረሰ መሸጥ ነው።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ «ድሮስ ማሳቅ የባለጌ ሥራ ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ለደከመ ሰው ሣቅ ዕረፍት ነው፤ አዝማሪው በቀልዱ የሹም ጥፋት ሲነቅፍ ሰምተን ያደግን ሰዎችም ማሳቅን መናቅ አይገባንም። ነገር ግን ሣቅ ሕግ አለው። በመምህርነቴ ዘመን ክፍሉን የሚያስቁ ሁለት ዓይነት ልጆች አይቻለሁ። አንደኛው በራሱ ላይ ይቀልዳል፤ የእርሱ ሣቅ ልጆቹን ሁሉ አንድ ያደርጋል። ሁለተኛው የሚንተባተበውን ልጅ አነጋገር እየደገመ ያስቃል፤ ከሣቁ በኋላም በዕረፍት ሰዓት አንድ ልጅ ብቻውን ከግድግዳ ሥር ቆሞ ይታያል። የሁለቱም ሣቅ ለጆሮ አንድ ነው። የሚለየው የማን ገንዘብ እንደ ተከፈለበት ሲጠየቅ ነው። ሳይ የቀለደው በራሱ አካልና በራሱ ሠፈር ላይ ነበረ፤ ዕዳውን ራሱ ከፈለ።

ዛሬ ግን በመንገድ ላይ አእምሮው የታወከውን፥ የሰከረውን፥ ወይም በሠርግ ቤት ደስ ብሏት የምትጨፍረውን አሮጊት ሳያስፈቅዱ በስልክ ቀርጸው ለሚሊዮን ሰው የሚበትኑ አሉ። ያቺ አሮጊት የጨፈረችው ለዘመዶቿ ነበረ፤ የማታውቀው ሕዝብ እንዲሥቅባት አልፈቀደችም። ይህ በደል ነው። በዳዩም የቀረጸው ሰው ብቻ አይደለም፤ አይቶ ሥቆ ለጓደኛው ያስተላለፈው ሁሉ ተካፋይ ነው። በድሮው ዘመን ሐሜት ከመንደር አይወጣም ነበር፤ ሰውም ጊዜ አልፎ ይረሳለት ነበር። አሁን ግን የተቀረጸው ነገር አይረሳም፤ አሮጊቷ ብታልፍ እንኳ ለልጅ ልጆቿ ይተርፋል።

ልጆቼ፥ ዝና ቢመጣላችሁ አትሽሹት፤ ባይመጣ ግን አታልቅሱለት። ጭፈራም ቢሆን፥ ቀልድም ቢሆን፥ ስፌትም ቢሆን፥ አንድ ሙያ ይዛችሁ ማንም በማያያችሁ ጊዜ ደኅና አድርጋችሁ ሥሩት። ሰውን ስታስቁ ከድኻና ከደካማ አትበደሩ። የሌላ ሰው ኀፍረት በእጃችሁ ሲደርስ ከእናንተ አይለፍ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው ስንት ሰው እንዳየን ለመናገር አይደለም፤ በቅርብ የሚያውቁን ሰዎች ስለ እኛ ምን ብለው እንደሚመሰክሩ ለመናገር ነው። ያ ምስክርነት በመቍጠሪያ አይገኝም፤ በየቀኑ ከቤተሰብ፥ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ ጋር በምንኖረው ኑሮ ይገኛል።