በገንቦ አንገት የታሰረች ቆዳ

ሦስት በሮች ያሏት አንዲት የገበያ ከተማ ነበረች። ሲራራ ነጋዴው ከየአቅጣጫው ይጎርፍባታል፤ ጉራንጉሯ ብዙ ስለሆነ ግን እንግዳ ሰው የሚሻውን ዕቃ በራሱ ፈልጎ አያገኝም፤ በየበሩ የተቀመጠውን በረኛ ይጠይቃል። በረኞቹም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ቋንቋውን እንደነገሩ ይሰሙታል፤ ምላሳቸው ጣዕም፣ አፍንጫቸው ሽታ አይለይም። ሀብታቸው እግራቸውና ትውስታቸው ነው። ሌሊት በየሱቁ ደጃፍ እየዞሩ የተጻፈውን ያነባሉ፣ የቻሉትን ያህል ይገምታሉ፣ ሲነጋ ለጠየቃቸው ይናገራሉ።

በዚያች ከተማ የምትኖር አንዲት ማር ሻጭ ነበረች። ማሯን ከደጋ ቀፎዎች ራሷ አስቆርጣ ታመጣለች፤ የግራሩን ከብሳናው፣ የጥቅምቱን ከግንቦቱ በሽታው ብቻ ትለያለች። ሰፈፍ አይገባበትም፣ ስኳር አይነካውም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች እንዲሉ፣ እሷም ማሯን ተማምና በገንቦዎቿ ላይ አንዳች ምልክት አላደረገችም። ከደጃፏ በላይ የተጻፈው «የእናቴ ጓዳ» የሚል ብቻ ነው።

ሦስቱ በረኞች በእንግዶች ጉርሻ የሚሻሙ ባላንጣዎች ነበሩ። ይሁንና የሁሉም ችግር አንድ ነው፤ አንዱ ነጋዴ ዋጋውን በር ላይ ይጽፋል፣ ሌላው ግድግዳ ላይ፣ ሦስተኛው በቃሉ ይናገራል። በመጨረሻ ተሰብስበው በአንድ ነገር ተስማሙ። ነጋዴው ከፈለገ በገንቦው አንገት ላይ ትንሽ ቆዳ ይሰር፤ በቆዳዋ ላይ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተቆረጠ፣ ስንት አሞሌ እንደሚያወጣ በታወቀ ምልክት ይጻፍ። ምልክቶቹ ለሦስቱም በሮች አንድ ዓይነት ይሁኑ። ግዴታ ግን አልነበረም።

ከሴትዮዋ ሱቅ ማዶ አንድ ሌላ ማር ሻጭ ነበር። ማሩ መጥፎ አይባልም፤ ቆንጆም አይባልም። እሱ በማግሥቱ ቆዳውን አሰረ። ከዚያ በኋላ እንግዳ መጥቶ ማር ሲጠይቅ በረኛው ጉሮሮውን ጠርጎ «ቀይ ማር፣ የቆላ፣ ኅዳር የተቆረጠ፣ ገንቦው አራት አሞሌ፣ በሁለተኛው መታጠፊያ» ይላል። ስለ ሴትዮዋ ግን የሚለው «እዚያ ማዶ ደግሞ አንድ ሱቅ አለ» ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ተናዳ ወደ በሩ ወረደች።

«አንተ ልጅ፣ የእኔ ማር ከዚያ ሰውዬ ማር ያንሳል?»

«እማማ፣ ይነስ ይብለጥ እኔ በምን አውቃለሁ?» አለ በረኛው። «ሱቅዎን አውቀዋለሁ። ‹የእናቴ ጓዳ› የሚል አነበብኩ። ባለፈው ሰሞን ቅቤ ፈላጊ ልኬብዎት ተቆጥቶ ተመለሰብኝ። ከዚያ ወዲህ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ ነገሩን ሰምታ ሳቀች። «አክስቴ፣ ሰውየው እኮ ጠላትሽ አይደለም፤ የሚለው አጥቶ ነው» አለቻትና ዕለቱን ቆዳ ቆርጠው፣ ቀለም በጥብጠው ሲጽፉ አመሹ። ነጭ ማር። የደጋ። ጥቅምት የተቆረጠ። ዓመቱንም ሴትዮዋ በአገሯ አቆጣጠር ጻፈችው።

ሳምንት አለፈ። አንድም ገዢ አልመጣም። በስምንተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ብቻ እያነከሱ ደረሱና «የሰባት ዓመት ማር አለሽ አሉኝ፤ ለመድኃኒት ፈልጌ ነበር» አሏት። በረኛው የሚያውቀው የሲራራውን አቆጣጠር ብቻ ነው። ዓመቱን እንዳለ አንብቦ፣ ገና ሰሙ ያልደረቀውን ማር ያረጀ ነው እያለ ሲለፍፍ ከርሟል። ሰውየው አልዋሸም፤ የተጻፈለትን ነው የተናገረው። ሴትዮዋ ቆዳዎቹን ሁሉ ፈትታ በበረኛው አቆጣጠር አስጻፈች። በሱቋ ውስጥ ለአገሯ ሰው የሰቀለችውን ጽሑፍ ግን እንደነበረ ተወችው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተቃና። በረኛው የሱቆቹን ስም የሚጠራበት ተራ በቆዳው ምክንያት አልተለወጠም፤ አንዳንድ ቀን እሷን ሁለተኛ፣ አንዳንድ ቀን አራተኛ ይጠራታል። የሚመጣው ሰው ግን ነጭ ማር ፈልጎ የመጣ ሰው ሆነ፤ ቅቤ አይጠይቅም፣ በዋጋው አይደነግጥም።

ይህን ያየ አንድ ሦስተኛ ነጋዴ ደግሞ ስኳር የበጠበጠበት ገንቦ ላይ «ነጭ ማር» የሚል ቆዳ አሰረ። አልበቃው ብሎ «መቶ ሰው ቀምሶ አመስግኖታል» የሚል ሌላ ቆዳ ጨመረበት። አንድ ገበያ ሰሞን ሠራለት። ገዢዎች እያጉረመረሙ ሲመለሱ በረኞቹ ሌሊት መጥተው ሱቁን አዩ፤ መቅመስ ባይችሉም በሱቁ ውስጥ የተጻፈውና በገንቦው አንገት የታሰረው እንደማይገጥም ማየት አላቃታቸውም። ከገበያው አላባረሩትም። ቆዳዎቹን ግን ማንበብ ተዉ፤ እንግዳ ሲጠይቅ «እዚያም አንድ ሱቅ አለ» ብቻ ይሉ ጀመር።

በረኞቹ የፍለጋ ሞተሮች ናቸው። ጉግል፣ የማይክሮሶፍቱ ቢንግና ያሁ በሰኔ 2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ፉክክራቸውን ሳይተዉ፣ ስኪማ ዶት ኦርግ የተባለውን የጋራ የምልክት መዝገብ አወጡ፤ የሩሲያው ያንዴክስም በዚያው ዓመት ተቀላቀላቸው። ቆዳዋ ስትራክቸርድ ዳታ የሚባለው ነው፤ ገጹ የምግብ አሠራር ይሁን፣ ሸቀጥ፣ የሥራ ማስታወቂያ ወይስ ዝግጅት ለማሽን ለይቶ የሚነግር አጭር ኮድ። ዛሬ በብዛት የሚጻፍበትና ጉግልም የሚመክረው ጄሰን ኤልዲ የተባለው አጻጻፍ ነው። አንባቢው ኮዱን አያየውም። የሚያየው በፍለጋ ውጤቱ ላይ ከርዕሱ ሥር ብቅ የሚለውን ዋጋ፣ ፎቶ፣ የማብሰያ ደቂቃ ወይም ቀን ነው።

ድረ ገጽ ሠሪዎች ይህን ሲሸጡ «አንደኛ ያወጣሃል» ሲሉ እሰማለሁ። ጉግል እንዲህ ብሎ አያውቅም። ኮዱ ዝርዝሩ እንዲታይ ብቁ ያደርጋል እንጂ መታየቱን እንኳ ዋስትና አይሰጥም። ጥቅሙ የሚታየው በሚጫነው ሰው ላይ ነው። ጉግል ራሱ በመመሪያው እንደ ምሳሌ የሚጠቅሰው የፊልም ሂሶችን የሚያሰባስበው ድረ ገጽ ሮተን ቶሜቶስ፣ ኮዱን በ100,000 ገጾች ላይ ሲያስገባ፣ የእነዚህ ገጾች የመጫን ምጣኔ ኮድ ካልገባባቸው ገጾች በ25 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። በረኛው ስለ ራሱ ሥራ የመረጠው ምስክር ነውና ቁጥሩን በልኩ መያዝ ነው።

የሦስተኛው ነጋዴ ቅጣትም እውነተኛ ነው። በገጹ ላይ የማይታይን ነገር በኮድ የሚናገር ድረ ገጽ በጉግል ሠራተኞች እጅ ሲቀጣ የሚያጣው ዝርዝሩን ነው፤ ተራው በዚያ ቅጣት አይነካም። ራስን በራስ የማመስገኑም ነገር ቢሆን ከመስከረም 2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ ተዘግቷል፤ አንድ ድርጅት ስለ ራሱ በራሱ ገጽ ላይ የሚለጥፈውን ኮከብ ጉግል ማሳየት አቁሟል። እኔ ዘገዩ ባይ ነኝ።

የሴትዮዋ ስህተት ግን ከሁሉም ይልቅ የእኛ ነው። ኮዱ ቀንን የሚቀበለው አይኤስኦ 8601 በሚባለው ደንብ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀምር የሙዚቃ ዝግጅት አለ እንበል። ኮዱን የጻፈው ልጅ በለመደው ቆጥሮ 2018-04-25 ብሎ ካስገባው፣ ማሽኑ የሚያነበው በአውሮፓ 2018 ያለቀ የኤፕሪል ዝግጅት ነው፤ ያለፈን ዝግጅት ደግሞ ማን ያስተዋውቃል? ትክክለኛው 2026-01-03 ነበር። ሰዓቱም እንደዚሁ፣ 02:00 ብሎ ከጻፈ የሌሊቱን ስምንት ሰዓት ነው የሚያነቡለት፤ 20:00 ብሎ፣ አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት የምትቀድምበትን 3 ሰዓት +03:00 አድርጎ መጨመር አለበት። ጳጉሜ ላይ የተዘጋጀ ነገር ከሆነማ ጭራሹን 13ኛ ወር የሚባል ነገር ማሽኑ ስለማያውቅ ስህተት ነው ይላል፤ ይህኛው እንኳ ይሻላል፣ ቢያንስ ይጮኻል። በገጹ ላይ ለሰው የሚነበበው «ታኅሣሥ 25 ከምሽቱ 2 ሰዓት» የሚለው እንዳለ ይቆያል፤ የሚለወጠው ኮዱ ብቻ ነው።

አድራሻም ላይ ያው ነው። «ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ ከቢጫው ሕንፃ አጠገብ» ለእኛ በቂ ነው፤ ለማሽኑ ግን የቦታው የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ይጨመርለት፤ ካርታ ላይ ተጭኖ የሚገኝ ነገር ነው። የሱቁ ስም አንድ ጊዜ በ«ፀ» ሌላ ጊዜ በ«ጸ» የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ስም በመዝገቡ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ጽፈው ሲጨርሱ ጉግል በነፃ ባስቀመጠው መፈተሻ ገጹን አስገብቶ ማየት ነው። መፈተሻው የአጻጻፍ ግድፈትን ይይዛል፤ ዓመቱ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን አይጠይቅም፤ እሱን ዝግጅቱን የሚያውቅ ሰው በዓይኑ ማየት አለበት።